የሐኪሚት ባልና ዝንጅብሉ

ልብስ ሰፊው ማንንም አይፈራም፤ ሚስቱን ግን ይፈራል። ሚስቱ ቅመም ነጋዴ ናት። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሱ መስኮቱ ሥር ይሰፋል፣ እሷ በሩ ጋ ትወቅጣለች። ሰፈሩ «ሐኪሚት» ይላታል። ለቀልድ ነበር፤ እሷ የምር አደረገችው።

ሐኪሚት ዘንድ ለጉንፋንም ዝንጅብል ነው፣ ለማቅለሽለሽም ዝንጅብል ነው። ጉልበት ቢያምም፣ እንቅልፍ ቢጠፋም፣ አማት ብትመጣም ያው ዝንጅብል። ሾርባዋ ዝንጅብል፣ ሻይዋ ዝንጅብል፣ ዳቦዋም አልቀረለት። ከቤቱ ዝንጅብል ያልገባበት ሰውየው የሚሰፋው ሱሪ ብቻ ነው፤ እሱም ይሸታል ይላሉ።

ይሄ ምስኪን ታዲያ ሆዱ ከተቃጠለ ከራርሟል። «ውስጤ እሳት ሆነብኝ» ሲላት፣ «ብርድ ነው፣ ጠጣ!» ብላ የተቀቀለ ዝንጅብል በትልቅ ኩባያ ትሰጠዋለች። በጠጣ ቁጥር ይብስበታል፣ በባሰበት ቁጥር ትጨምርለታለች። እምቢ ቢል «ባሏን ማዳን ያቃታት» ልትባል ነው፤ ቤቱ ሊበጠበጥ ነው። ስለዚህ ጀግናው ዓይኑን ጨፍኖ ይጨልጠዋል።

አንድ ቀን «ክር ልግዛ» ብሎ ሹልክ አለና ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሙ ሆዱን ጫን ጫን አድርጎ፣ «ጨጓራ ነው። ዝንጅብሉን ለጊዜው ይተዉት፣ ይሄን ኪኒን ይውሰዱ» አለው። «እሱን ለሚስቴ ይንገሩልኝ» ሊል ምንም አልቀረው።

መድኃኒት ቤት ሲገባ ባንኮኒው ጋ የቆመችውን ሴት ከጀርባዋ አወቃት። ሐኪሚት! ሻጯ፣ «እትዬ፣ ያንኑ የጨጓራውን ኪኒን ነው?» እያለቻት ነበር። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ግጥም አሉ።

«ለደንበኛ ነው» አለች ቶሎ ብላ።

«የኔም ለደንበኛ ነው።»

ጉድ በሉ እንግዲህ! ሁለቱም ኪኒናቸውን ይዘው ቤት ደረሱ። እሷ እንደ ልማዷ ኩባያውን ሞልታ አቀረበችለት። እሱ ከተጋቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኩባያውን መልሶ ገፋላት።

«እስቲ አንቺ ጠጪው።»

አየችው። ኩባያውን አየችና ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«እኔንም ሲያቃጥለኝ ከረመ» አለች። «መታመሜን ቢያውቁ ማን ይገዛኛል?»

ንዴቱ ጠፋና አንጀቱን በላችው። ውሃ ቀዳላት፤ ኪኒናቸውን አብረው ዋጡ።

በማግስቱ ጎረቤታቸው ሆዷን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ከትናንት ጀምሮ እያቃጠለኝ ነው።»

«ውይ እህቴን! ምን ችግር አለው?» አለች ሐኪሚት፣ ዝንጅብሉን ሚዛን ላይ እየጫነች። «ባለቤቴን ጠይቂው፣ በምን ዳነ?»

ጎረቤቲቱ ዞር ብላ አየችው። ሚስቱም አየችው።

«በደንብ ቀቅለሽ ጠጪው» አለ ልብስ ሰፊው፣ አቀርቅሮ እየሰፋ።