ከቆርቆሮው ላይ የተንከባለለው ጥርስ

መቱ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ ቤቷን ቆርቆሮ ያለበሰች የመጀመሪያዋ ሴት እናቴ ናት። አባቴን ስንት ዓመት ነዝንዛ! የኛ አገር ዝናብ መቼም አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ ሣሩ በስብሶ አልጋችን ድረስ ያፈስ ነበር። የአባቴ እናት፣ አያቴ፣ ግን ሣር ክዳኗን ትወድ ነበርና አኮረፈች።

እንግዲህ የኔ የወተት ጥርስ የወለቀው ቆርቆሮው በተመታ ሰሞን ነው። የወለቀ ጥርስ ጣራ ላይ ይጣላል፤ አሞራ ወስዶ አዲስ ያመጣል ይባላል። እናቴ ወረወረችው። ሣር ቢሆን ይዞ ያስቀረው ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ግን ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ ተንከባልሎ ጎርፍ ውስጥ ገባ። ብንፈልግ፣ ብንፈልግ የለም።

ሌሎቹ ሁሉ በቀሉ፤ ያ ከፊት ጥርሶቼ በስተቀኝ ያለው ብቻ ቀረ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ጠበቅን፤ ወይ ፍንክች! አያቴ በመጣ ሰው ፊት ሁሉ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ትላለች። እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ አገጬን ቀና አድርጋ ባዶውን ድዴን በጣቷ ትዳብሰዋለች፤ እንባዋም ግንባሬ ላይ ጠብ ይላል። እኔ ለጥርሱ ግድ አልነበረኝም፤ የምናደደው በአያቴ ነበር። ከኋላዋ ስንቴ ምላሴን አውጥቼባታለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ጎሬ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ጥርስ ለሚያየው ድሬሰር የቆርቆሮውን ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረችው፤ ለንስሐ አባቷም እንዲያ የተናዘዘች አይመስለኝም። ሰውየው አልሳቀባትም። ድዴን ጫን ጫን አደረገና «አይዞሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ» አለኝ። ወደ እናቴ ዞሮ «እትዬ፣ ይሄ ጥርስ ሲፈጠርም አልነበረም። እዚህ ወንበር ላይ ከሚቀመጡት ውስጥ እንዲህ ያለ ስንቱን አይቻለሁ መሰለዎት! ብዙውን ጊዜ በዘር ነው የሚመጣው። እርስዎ ምንም አላጠፉም» አላት።

እናቴ ቤት ስትደርስ ገና ሳትቀመጥ ለአያቴ ነገረቻት። አያቴ ሁሌም ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ እኔ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ነጠላውን ዝቅ አደረገችው። በስተቀኝ፣ እዚያው የኔ ቦታ ላይ፣ ባዶ ነው።

«ወልቆ አይደለም» አለች። «ከልጅነቴም የለኝ። የኔን ሣር ላይ ነበር የጣሉት። ባሌ እንኳ ሳያይብኝ ነው የሞተው። እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ አንቺ ላይ ላከክሁት። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ኧረ እኔ በንዴት ልፈነዳ! አምስት ዓመት ሙሉ እናቴን አስለቅሳ! አፌን ስከፍት እናቴ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ከዚያ አያቴ አጠገብ ተንበረከከች፤ አገጯን ቀና አደረገችና፣ እኔን እንደምታደርገኝ፣ ባዶውን ድድ በጣቷ ዳበሰችው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻዎን፣ እማማ?» አለቻት።