ሲባሪስ ላይ ማን ዘራ?

ባሮ ሞልቶ ቤቴን ካፈረሰው ሳምንት ሆነ። ዛሬ ጠዋት ውሃው ወደ ቦታው ተመልሶ፣ መኝታ ቤቴ በነበረበት ጥቁር ጭቃ ተኝቷል። የዓሣና የበሰበሰ ሣር ሽታ አለው። ይህ ሽታ ወደ ሰባተኛ ክፍል ይመልሰኛል።

ከደጋ የመጣው የታሪክ መምህራችን አንድ ቀን ስለ ሲባሪስ ያስተምረን ነበር። ግሪኮች ባሕር ተሻግረው ደቡብ ጣሊያን ውስጥ በሁለት ወንዞች መሃል የቆረቆሯት ከተማ ናት። መሬቷ ለም ስለነበረ እጅግ በለጸጉ፤ የጠዋት እንቅልፋችንን ይረብሻል ብለውም አውራ ዶሮን ከከተማ አስወጡ። ሳቅን። በኋላ ጎረቤቶቻቸው ወግተው አሸነፏቸውና አንዱን ወንዝ ጠልፈው ከተማዋ ላይ ለቀቁባት። መምህሩ እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እስክናዝን ጠበቀ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ አንድ አኙዋ ሽማግሌ፣ መስኮቱን ተደግፈው ይሰሙ ነበር።

«መምህር፣ ውሃው ሲሸሽ ማን ዘራበት?» አሉ።

«አባባ፣ ከተማዋ ጠፋች እኮ ነው የምልዎት!»

«ገባኝ። ከተማ ጠፋ። ጭቃው አለ አይደል?»

እኛ የባሮ ዳር ልጆች ውሃ በሸሸበት ጭቃ ላይ በቆሎ ሲዘራ እያየን ነው ያደግነው፤ ጥያቄው ትክክል መሰለን። መምህሩ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሮ የቤት ሥራ መጻፍ ጀመረ።

አሁን ጎረቤቴ በቅል ዘር ይዛ ጭቃው ዳር ቆማለች።

«እዚህ ልዝራበት ወይስ ቤት ትሠራለህ?» ትለኛለች።

አውራ ዶሮዋ የወደቀው ግድግዳዬ ላይ ወጥቶ ይጮኻል።