የራስ ቅል ያለበት ቆርቆሮ

ከጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ለሥራ የወጣነው በገበያው ቀን ነው፤ እኔና አብሮ አደጌ ካሴ። እናቱ እትዬ ስንዱ በሶ ቋጥረው እስከ ወንዙ ሸኙን። «አንተ ዳዊት የደገምህ ነህ፤ ልጄ ፊደል አያውቅም። አደራ፣ ዓይን ሁነው» አሉኝ። «እኔ እያለሁ!» አልኋቸው። ምነው አፌን በቆረጠው!

በእግር ጎንደር፣ ከዚያ በሎንቺና ሁመራ ገባን። አገር ቤት ሆናችሁ ውርጭ የምታማርሩ ወገኖቼ፣ የሁመራን ፀሐይ አላያችሁም! የጋይንት ምንጭ ጥርስ ያማል፤ የዚያ ውሃ ግን ለብ ያለ ነው፣ ጭቃ ጭቃ ይላል።

የተቀጠርንበት የጥጥ እርሻ ጸሐፊ «ማንበብ የሚችል አለ?» ሲል «ዳዊት ደግሜያለሁ» አልሁ። «እንግዲያ የመድኃኒቱን መጋዘን ያዝ» አለኝ። ሌላ አልነገረኝም፤ እኔም ኮርቼ አልጠየቅሁም።

የተባይ መድኃኒቱ ቆርቆሮ ላይ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ተስሏል፤ ጽሑፉ የፈረንጅ ነው። ሥዕሉን ግን አወቅሁት፤ በደብራችን ከስቅለቱ ሥር ያለው፣ የጌታ ደም የሚንጠባጠብበት የአዳም ራስ ቅል! «ይሄማ የተባረከ ነው» አልሁት ካሴን፤ ተሳለምሁትም።

አንዱን ባዶ ቆርቆሮ አለቅልቄ ውሃ ቀዳሁበት። ረቡዕ ነበር፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ካሴን ግን ሙቀቱ አሸነፈውና «እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስጠኝ» አለ። ሰጠሁት። ብዙም ሳይቆይ ላብ አጠመቀው፣ ለሃጩ ተዝረከረከ፣ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳይመሽ ሞተ።

ጸሐፊው ቆርቆሮውን አንስቶ ጮኸብኝ።

«መርዝ ነው! ተጽፏል እኮ!»

«በምን ቋንቋ ጌታዬ?»

«በእንግሊዝኛ ነዋ!»

«እኔ የማነበው ግዕዝ ነው።»

«ራስ ቅሉንስ አላየህም?»

«አይቻለሁ፤ ተሳልሜዋለሁ።»

ሊስቅ ብሎ ተወው። በማግስቱ ሌላ ማንበብ የሚችል ሰው ፈለገ።

በምን ዓይኔ አገሬ ልግባ? ወደ ሱዳን ተሻግሬ ገዳሪፍ ተቀመጥሁ። ኪስራ የሚሉትን ስስ እንጀራ ለመድሁ፤ ቤት አከራዬም ጥሩ ሰው ናቸው። ለእትዬ ስንዱ «ንዳድ ገደለው» ብዬ ጽፌ ነበር። እሳቸውም በቄስ አስጽፈው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄ በሰው አገር ሲጨነቅ ውሃ ያቀመሰው ነበር ወይ?»

«እኔ አጠጥቼዋለሁ» ብዬ መለስሁ።

«ተባረክ፤ እንግዲህ ልጄ አንተ ነህ። መቼ ትመጣለህ?» አሉ።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ አልጻፍሁም። ይህን ጽሑፌን ያገኘ የአርብ ገበያ ሰው ካለ ሄዶ ያንብብላቸው፤ እሳቸው ፊደል አያውቁም።