ፈንታውን የሚሰድበው ጠፋ

ቆቦ ላይ ጎማው የፈነዳበት ሰው ሁሉ ፈንታውን ያውቀዋል። ጎማ ቤቱ ወደ ዋጃ መውጫው ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ጽሑፍ የለውም፤ በሩ ላይ የተሰቀለው ያረጀ የአይሱዙ ጎማ ይበቃዋል። ጎማ ቤቱን የማያውቅ ቢኖር እንኳ ልጁን ያውቃል። የጎሊና ክለብ በረኛ ኤፍሬም የእሱ ልጅ ነው።

ክለቡ ስሙን ያገኘው ከወንዙ ነው፤ ጠባዩንም ሳይወርስ አልቀረም። ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ይከርምና አንድ ቀን ሳይታሰብ ሞልቶ ይመጣል። ባለፈው ሰኔ እንዲያ ሆነና ጎሊና ወደ ላይኛው ሊግ አለፈ። የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነው ኤፍሬም ነበር። የዚያን ቀን ከተማው ሁሉ አስፋልቱ ላይ ወጣ፤ ባለ ባጃጁ ጋሹ የባጃጁ ጣራ ላይ ቆሞ፦

«ጎሊና ሞልቶ ማን ይሻገራል!» እያለ ያስጨፍር ጀመር። ልጁን በትከሻቸው ተሸከሙት። አባትየውንም ካልተሸከምን ብለው ራህመት ጭማቂ ቤት ድረስ አደረሱት፤ እዚያ ሲደርሱ ጣሉት። ፈንታው ወፍራም ሰው ነው። ሲያነክስ ሰነበተ፤ እነሱም «ልጅህ ኳስ ሲይዝ እኛ አንተን መያዝ አቃተን» እያሉ ሲስቁበት ሰነበቱ።

የጎሊና ደጋፊ ፍቅሩ በስድብ ነው። ኤፍሬም ጎል የገባበት ዕለት ጎማ ቤቱ በር ላይ ሰው ይሰበሰባል፣ ጎማው ደህና የሆነው ሳይቀር። «ልጅህ እጁን ቤት ረስቶ ሄደ እንዴ?» ይለዋል አንዱ። ጋሹ ደግሞ ሁሌም አንድ ስድብ አለችው፦ «አያ ፈንታው፣ መረቡን ጣፍለት እንጂ! አንተ ቀዳዳ መድፈን ታውቃለህ!» ፈንታው ቀዳዳውን ሊፈልግ የጎማውን ካላማዳሪያ ውኃ ውስጥ እንደያዘ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። ያልተሰደበ ቀን ቅር ይለው ነበር ቢባል ውሸት አይደለም።

ሌላም ልጅ አለው። ታላቁ አብርሃም በግንቦት፣ ጎሊና ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው፣ እንደ ጓደኞቹ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ መንገድ ጀመረ። አባቱን አላስፈቀደም፤ የሚያስፈቅድ የለም። ከኦቦክ፣ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ፣ አንድ ጊዜ ደወለ። «ነገ በጀልባ እንሻገራለን፣ አባዬ። ሳውዲ ስገባ እደውላለሁ» አለ። አልደወለም። መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች «ስልኩን ቀምተውት ይሆናል፣ ታስሮም ይሆናል፣ ዓመት ሳይደውል ቆይቶ የተገኘ አለ» አሉት። የልጆቹ እናት ከሞተች ቆይታለች፤ ነገሩን የሚያማክረው ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። ለቅሶ እንዳይቀመጥ መርዶ አልመጣም፤ ተስፋ እንዳያደርግ ድምፅ የለም። ሆዱ ብዙ ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ሆነ። ይበላል፣ ይሠራል፣ ሲስቁ ይስቃል።

የቀረችው ነገር የኤፍሬም ስልክ ናት። ውድድሩ ራቅ ባለ ከተማ ተሰብስቦ ስለሚካሄድ ቆቦ ላይ ጨዋታ አይታይም። ጨዋታው ባለቀ ቁጥር ልጁ ይደውላል።

«ስንት ለስንት?» ይላል አባት።

ልጁ ይነግረዋል።

«አይዞህ፣ ኳስ ናት» ይላል አባት። ሲያሸንፉም ይህንኑ ነው የሚለው።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበሩ። አንዱን አሸነፉ፣ ሌላውን አቻ ወጡ፤ ራህመት ጭማቂ ቤት ውስጥ ስለ ዋንጫ ማውራት ተጀምሮ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን ጎሉ እንደ ጎርፍ ወረደባቸው። ጋሹ የአንዱን ጎል ቪዲዮ በቴሌግራም መጥቶለት ለፈንታው አሳየው። ኳሷ ከሩቅ ትመጣለች፤ የምትከብድ አይደለችም። ኤፍሬም ቆሞ ያያታል። እጁ አይነሳም። ገብታ ስታበቃ ቀስ ብሎ ሄዶ ከመረቡ ውስጥ ያነሳታል፣ የወደቀበትን ባርኔጣ እንደሚያነሳ ሰው።

«ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ነው» አለ ጋሹ፣ ስልኩን ቶሎ ወደ ኪሱ እየመለሰ።

ፀሐይዋ ከበረኛው ጀርባ ነበረች። ፈንታው አይቷል። ያንን አቋቋም ያውቀዋል፤ የራሱ አቋቋም ነው። ልጄም እንደኔ ሆኗል ማለት ነው አለ በሆዱ። ለምን እንደሆነ ግን አላወቀም።

የመጀመሪያው ዙር አለቀ። ጎሊና ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆኖ ተቀመጠ። ተጫዋቾቹ ለዕረፍት ሰኞ ይገባሉ ተባለ፤ ኤፍሬም ግን «እዚሁ ቀርቼ ልምምድ ልሥራ» ብሎ ለአባቱ ብቻ ደወለ። በዋዜማው፣ እሑድ ከሰዓት፣ የደጋፊው ግምገማ ራህመት ጭማቂ ቤት ግቢ ውስጥ ተጠራ።

ፈንታው ወደ ግምገማው የሄደው አንድ ነገር ፈርቶ ነው። ደጋፊው በረኛው ይቀየር ካለ አሰልጣኙ እንቢ አይልም። ኤፍሬም ተቀያሪ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ቆቦ ይመጣል፤ ቆቦ ከመጣ ደግሞ እኩዮቹ የሚያውቁት መንገድ አንድ ነው፣ ወንድሙ የሄደበት። ስለዚህ ልጁን የሚነካ ሰው ቢነሳ የሚመልሰውን ቃል ጎማ ሲጥፍ አዘጋጅቶ ነበር። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ሄደ።

ግቢው ሞልቷል። ሸህ ሙሀመድሰይድ፣ ከክለቡ ምሥረታ ጀምሮ ያልጠፉት ሽማግሌ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ። ከዚያ የደጋፊው ሊቀ መንበር መምህር ሰለሞን ተነሳ። ሰለሞን የወረዳ ስብሰባ ላይ ብዙ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ጠላ ቤት ውስጥ እንኳ በአጀንዳ ነው የሚያወራው።

«ጠንካራ ጎናችንን፣ ደካማ ጎናችንንና ስጋታችንን ነጥለን እንገመግማለን» አለ። «ማንም ሰው ሳይሸማቀቅ ይናገር።»

ተናገሩ። አንዱ ጥፋቱን በብርዱ አሳበበ፤ የቆላ ልጅ ብርድ ላይ እግሩ ይታሰራል አለ። ሌላው ዳኞቹን ወቀሰ። ማልያው ቀለሙ ገፊ ነው ያለም ነበር። ተከላካዩ እንደ ሠርግ ቤት በር ክፍት ነው ተባለና ትንሽ ተሳቀ። የአውቶቡሱ ሹፌር ሳይቀር ድርሻውን አገኘ። ስለ ጎሎቹ ብዙ ተባለ፤ ጎሎቹ ግን ማንም ሳይቆምላቸው በራሳቸው ሄደው የገቡ ይመስል ነበር። በረኛ የሚለውን ቃል ከአፉ ያወጣ ሰው የለም።

ፈንታው መጀመሪያ ቀለለው። ቦታው ተረፈለት አለ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ጎረበጠው። እነዚህ ሰዎች ይሉኝታ የሚያውቁት በሌላው ነገር ነው፤ በኳስ አያውቁም። ባለፈው ዓመት ለአንዲት ጎል በሩ ድረስ መጥተው ዘር ማንዘሩን አንስተው ጥለውታል። ዘንድሮ ይህ ሁሉ ሲገባ የት ሄዱ? ጋሹ ያቺን የመረቡን ስድብ ካቆመ ስንት ጊዜው ነው? «ጎሊና ሞልቶ»ን እሱ ባለበት ማስጨፈር የተወውስ? ራህመትም ሳያዝዝ የማንጎ ጭማቂውን እስከ አፉ ሞልታ አስቀምጣለት፣ ዓይኑን ሳታይ ነው የተመለሰችው።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለው። ጎረቤቱ ወንድሙ ሞቶበት፣ የልጁ ሠርግ እስኪያልፍ ተብሎ መርዶው ቆይቶ ነበር። ያን ሰሞን ፈንታው ራሱ የሰውየውን የሞተር ሳይክል ጎማ ጥፎለታል። ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡ ከልክ በላይ አውርቶለታል። ሌላ ጊዜ በሰውየው አሮጌ ሞተር ሲቀልድ ቢኖርም፣ የዚያን ቀን ከፈንታው አፍ አንዲት ቀልድ አልወጣችም። መርዶ ያልተነገረውን ሰው ማን ይሰድባል?

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እጁን አወጣ።

«መድረኩ ላንተ ነው፣ አያ ፈንታው» አለ ሰለሞን፣ በጣም ለስልሶ።

ፈንታው ተነሳ። «ጋሹ፣ ስደበኝ» አለ።

«እንዴት አያ ፈንታው?»

«እንደ ድሮው። ይህ ሁሉ ጎል ገብቷል። ልጄን ስደበው።»

ጋሹ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «መረቡን…» አለ። «አያ ፈንታው፣ መረቡን…» ሌላው ቃል አልወጣውም። ኮፍያውን አወለቀና ፊቱን ሸፈነበት።

ፈንታው ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ይሁን፣ ልጄን ለመንካት የፈራችሁ እንደሆነ እኔው ልናገር። ኤፍሬም ቆሞ ነው የሚገባበት። ይኸው ነገርኳችሁ። አሁን ደግሞ እናንተ የያዛችሁትን ንገሩኝ።»

የራህመት የጭማቂ ማሽን ብቻ ይጮህ ነበር፤ እሷም አጠፋችው። ሸህ ሙሀመድሰይድ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

«ፈንታው ወንድሜ፣ ተቀመጥ።»

«ቆሜ እሰማለሁ፣ ሸህዬ።»

«እንዲህ አልነበረም የሚነገርህ። ነገ በማለዳ፣ ኤፍሬም ሲገባ፣ ቄሱንም ይዘን ቤትህ ልንመጣ ነበር። ስብሰባውን ብናስቀረው ትጠረጥራለህ ብለን ነው የተቀመጥነው።» ወደ ፈንታው ቀረብ አሉ። «አብርሃም ከባሕሩ አልወጣም። ጀልባዋ ተገልብጣ ነው። አብሮት የነበረ የዋጃ ልጅ ተርፎ፣ ተመልሶ ነገረን። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ቆመ፤ ኮፍያ ያለው አወለቀ። ፈንታው አንድ ነገር እስኪሰማው ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ዝንብ አየ። ንጹሕ ሸሚዝ መልበሱ ትዝ አለው።

«መቼ ነው የተመለሰው ልጁ?» አለ።

«በኅዳር፣ በሚካኤል ሰሞን» አለ ሰለሞን። ድምፁ አጀንዳውን አጥቷል። «ዙሩ እስኪያልቅ ብለን ነው ያቆየነው። አንተ ከሰማህ እሱ ይሰማል፤ በረኛችን ልቡ ይሰበራል ብለን። ለልጁ ብለን ነው፣ አያ ፈንታው።»

«ልጁ ያውቃል» አለ ፈንታው።

«ማን ነገረው?»

«ከአብርሃም ጋር የሄደውን የዋጃ ልጅ አውቀዋለሁ፤ ከኤፍሬም ጋር አንድ ክፍል ነው የተማሩት። እናንተ ዘንድ የመጣ ለእሱ ሳይደውል ይቀራል? ጎሉ መቼ እንደጀመረ አስቡት እስቲ።»

አሰቡት። ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ያሉት ጨዋታዎች አንድ በአንድ በዓይናቸው ሄዱ፤ ኳሷ ስትመጣ፣ ልጁ ቆሞ ሲያያት። አንዱ ከኋላ «ያ ረቢ» አለ። የሰለሞን ግምገማ መልሱን አገኘ፤ ያገኘው ግን ማንም የማይፈልገውን ነው። ከተማው ለበረኛው ልብ ብሎ ከአባቱ ደበቀ፤ በረኛው ለአባቱ ልብ ብሎ ከከተማው ደበቀ። ልጁ በባዕድ ከተማ፣ በየሳምንቱ፣ የወንድሙን ሞት ብቻውን ይዞ መረብ ፊት ቆመ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እዚህ ግን ከጆሮው ይልቅ ደግነቱ ነው የከፋው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ደግነታቸውም እንዲህ አድርጎ ነው ያጠፋው።

ፈንታው ስልኩን አወጣ። የሚከለክለው አልነበረም።

«አባዬ?» አለ ኤፍሬም። «ዛሬ ጨዋታ የለም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ደወልክ?»

«ነገሩኝ።»

በስልኩ ውስጥ ራቅ ብሎ ኳስ ሲጠለዝ ይሰማል።

«ማን ነገረህ?»

«ደጋፊው።»

«አባዬ፣ እንዳታውቅብኝ ብዬ ነው ያልመጣሁት። ኳሷ ስትመጣ አያታለሁ። በደንብ አያታለሁ። እጄ ግን…»

«አውቃለሁ። የእኔም እንዲያው ነው።»

አይዞህ፣ ኳስ ናት የሚለው ቃል ልማድ ሆኖበት ምላሱ ላይ መጣ። ዋጠው።

«አልቅስ ልጄ» አለ። «አንተ ጀምር፤ እኔ እደርስብሃለሁ። ድንኳኑን ሳትመጣ አላስተክልም።»

ልጁ አለቀሰ። ፈንታው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ እስኪያበቃ ድረስ ቆሞ አዳመጠው። ዓይኑ ደረቅ ነበር። ሰዉም አብሮት ቆመ። ስልኩ ሲዘጋ ሸሁ ክንዱን ያዙት።

«የልጅህ ቦታ የልጅህ ነው» አሉት ሸህ ሙሀመድሰይድ። «አብሽር። ሲሻለው ይቆምበታል፤ ማንም አይነካበትም።»

ፈንታው ራሱን ነቀነቀ። ለዚህ ነበር የመጣው፤ አገኘው። ደስታም ኀዘንም አልሆነለትም። ወደ በሩ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞር አለ።

«ጋሹ፣ ጀምረሃት ነበር» አለው። «ጨርሳት።»

ጋሹ ኮፍያውን ከፊቱ አወረደ። ዓይኑ ቀልቷል፤ አፍንጫው ይፈሳል። ወደ ሸሁ አየ፤ ሸሁ መሬት መሬት ያያሉ።

«አያ ፈንታው» አለ ጋሹ፣ «መረቡን ጣፍለት እንጂ። አንተ ቀዳዳ መድፈን ታውቃለህ።»

ፈንታው እንደ ድሮው ሊስቅ አፉን ሲከፍት ልቅሶው ቀደመው።