ሕመሙ የለቀቀው ጠዋት

ባለፈው ሳምንት፣ ዳንግላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ቆዳው ካልተላጠ፣ ጀርምም ካልገባ፣ የተመታ እግር ምን ያሳብጠዋል?» አለችኝ። መልሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሴል ሲጨፈለቅ ይቀደዳል፤ ውስጥ ሆነው ሥራቸውን ይሠሩ የነበሩ ፕሮቲኖች ወደ ውጭ ይፈስሳሉ። ከእነሱ አንዱማ ኑሮው ኒውክለስ ውስጥ ከዲኤንኤው ጋር ነው፤ ውጭ ምን ጉዳይ አለው? የመከላከያ ሴሎች እሱን ደጅ ሲያገኙት ቤት እንደፈረሰ ይገባቸዋል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ይሰርጋል፤ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። ይህን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው። ጠመኔውን ሳስቀምጥ ወንድሜ ይበልጣል ትዝ አለኝ። ደወሉ ተደወለና ወጣሁ።

ነገሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ቤታችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ነው። ወሩ ጥር ነበር፣ በእኛ አገር ደግሞ ጥር ማለት ፈረስ ነው። ገብሱ ከአውድማ ገብቷል፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል፣ ጎረምሳው ሁሉ በየዓመቱ ለሚከበረው የፈረስ በዓል ግልቢያ ይለማመዳል። ይበልጣል ታላቄ ነው። መሬት ላይ ሲሆን ጫማውን እንኳ ፈልጎ የማያገኝ ዝርክርክ፣ ፈረስ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው። የዚያን ዓመት ከአባቴ ጎን ተሰልፎ እንዲጋልብ ተፈቅዶለት ስለነበር እንቅልፍ አልነበረውም።

በልምምድ ላይ ፈረሱ ጉድጓድ ረግጦ ወደቀና እግሩ ላይ ተኛበት። ተሸክመው ሲያመጡት ቆዳው አልተላጠም፣ ጠብታ ደምም የለው። እናቴ ይህን አይታ «ተመስገን» አለች።

አባቴ ወጌሻውን አያ ታከለን አስጠሩ። አያ ታከለን ልወቅሳቸው አልፈልግም፤ የመንደራችን ሰው ግማሹ እሳቸው ባቀኑት እግር ነው የሚሄደው። ቅቤ ቀብተው አሹት፣ ቀርከሃ ሰንጥቀው ዙሪያውን ደረደሩና በጨርቅ ጠፍረው አሰሩት። ቀርከሃ እኛ ጋ የማይሆነው ነገር የለም፤ አጥሩም፣ ወንበሩም፣ አልጋውም፣ የተሰበረ እግር መጠገኛውም እሱ ነው። እግሩ ከማሰሪያው በላይና በታች እየተነፋ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ አጠበቁት።

«አያ ታከለ፣ ትንሽ ላላ ቢያደርጉለትስ?» አልኳቸው።

«ከላላ እብጠቱ ይስፋፋል፣ ልጄ። አጥንቱም አይገጥምም» አሉኝ።

ይበልጣል ትራሱን እየነከሰ ይጮኻል። «ፍቱልኝ፣ በማርያም ፍቱልኝ» ይላል። ጎረቤት ድንች ቀቅሎ እያመጣ ይጠይቀዋል፣ እሱ አይቀምስም። እናቴ ጆሮዋን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። እንዲህ ሰነበተና አንድ ጠዋት ጩኸቱ ቆመ።

«እንዴት አደርክ?» አሉት አባቴ።

«ለቀቀኝ፣ አባዬ። ጭራሽ አያመኝም።»

የቤቱ ሰው ፊት በራ። እናቴ ዶሮ አሳረደች። ይበልጣል ቁጭ ብሎ በላ፣ ከመረቁም አስጨመረ፣ ፈረሱ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። ለዘንድሮ ባይደርስ ለከርሞ ይጋልባል ተባለ። እኔም ጥግብ ብዬ ሳህን ላነሳ ጎንበስ ስል ከማሰሪያው ሥር የወጡትን ጣቶቹን አየኋቸው። ጠቁረዋል። ብነካቸው ቀዝቃዛ ናቸው። አውራ ጣቱን ቆነጠጥኩት። ይበልጣል ቀና ብሎም አላየኝ፤ እየሳቀ ወሬውን ቀጠለ።

«አባዬ፣ ይህን ጣት ይዩት እስቲ» አልኩ።

እስከ አስፋልቱ በሰው ሸክም፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። እናቴ ቤት ቀረች። ወጣቱ ሐኪም ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጦ እግሩን ካየ በኋላ አባቴን ወደ ጎን ወሰዳቸው፤ እኔም ተከተልኩ።

«አባቴ፣ እብጠቱ ጠላት አልነበረም» አላቸው። «ሥጋው ሲጨፈለቅ ከውስጡ ፕሮቲን ይፈሳል። ሰውነት ይህን ሲያይ ሊጠግነው ፈሳሽ ይልካል፤ ለዚያ ሁሉ ቦታ ያስፈልገዋል። ዙሪያውን ስለተጠፈረ ወደ ውስጥ ተጫነና ደሙን ዘጋው።»

«ሕመሙ እኮ ለቆት ነበር» አሉ አባቴ።

«ነርቩ ስለሞተ ነው።»

ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። እኔ አላለቀስኩም። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሎ ገዝቼ እየቆረጠምኩ የሚያልፉትን ባጃጆች ሳይ ቆየሁ። ዘመድ «ጠንካራ ልጅ ናት» እያለ አመሰገነኝ። ምን ጥንካሬ አለው፤ ምንም አልተሰማኝም፣ በቃ። ዛሬም ሳወራው የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለኛል። ይበልጣል እንኳ ከእኔ ይሻላል፣ ስንት ጊዜ አልቅሶ ወጥቶለታል። አሁን እንጅባራ ሞባይል ይጠግናል፣ አግብቶ ወልዷል፣ ደንበኞቹን ሲያስቅ ይውላል። ፈረስ ሲያልፍ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

እሑድ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ያለውን ማናችንም ነግረናት አናውቅም። እሷ እስከዛሬ የዳነ እግር ቸኩለው የቆረጡባት ይመስላታል፤ ሆስፒታል ሲነሳ ትራገማለች። ድንች እየላጠች ያንኑ እርግማኗን ስትጀምር ሰለቸኝና ለተማሪዎቼ ያስረዳሁትንም ሐኪሙ ያለውንም ለእሷ ቀለል አድርጌ አስረዳኋት።

«ሕመሙ የለቀቀው እግሩ ሞቶ ነው እያልሽኝ ነው?» አለች።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ዶሮ ያሳረድኩ ዕለት?»

«አዎ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ባልነግራት ይሻል ነበር ይሆን እያልኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ማወቅ ብቻ ነው የቀረኝ። እሷ ግን እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣

«ምነው እንዲያው ሲጮኽብኝ በከረመ» አለች።