የአማቴ የመጀመሪያ ልጅ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስሠራ ያተረፍኩት መጠርጠርን ነው። ሐይቅ ተመልሼ የወለድኳት ልጄ ጡት እየጠባች ስታለከልክና ከንፈሯ ሲጠቁር አንድ ነገር ደብቀውኛል ብዬ የጠረጠርኩት አማቴን፣ የባሌን እናት ነበር። ሰው ሁሉ «ብርድ ነው፣ አብሽሪ» ሲለኝ እሳቸው ብቻ የሕፃኗን ደረት አይተው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ደሴ ሆስፒታል የወሰድናት ጦርነቱ ወደ እኛ በሚጠጋበት ሰሞን ነው። በየኬላው መታወቂያ ይገላበጣል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ ያያል። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ ብዙ አየው።

«ሳንባ ምች ከሆነ እዚሁ እናክማታለን» አለ። «አሊያም ስትፈጠር ጀምሮ አንዱ የሳንባዋ ክፍል አየር ቋጥሮ ሌላውን እየተጫነ ይሆናል። ያ ከሆነ አዲስ አበባ ሄዳ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት። አልፎ አልፎ ከዘር ሊመጣ ይችላል። በቤተሰባችሁ እንዲህ ሆኖ የሞተ ሕፃን አለ?»

«የለም!» አሉ አማቴ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ምን እንዳስፈራቸው ገባኝ። የባሌ እህት ኒካሕ ሊታሰር ተቃርቧል። እኛ ዘንድ ኒካሕ እስኪታሰር ድረስ የዘር በሽታ ይጣራል፤ «እነሱ ቤት ሕፃን አይበረክትም» ከተባለ አለቀ። የልጄን ትንፋሽ በሠርግ ሊለውጡት ነው!

በማግስቱ የሙሽራው ቤተሰቦች በሽተኛ ሊጠይቁ መጡ። አልጋውን ከበው ዱዓ ሲያደርጉ የልጄ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ሐኪሙ ሮጦ ገባ። አማቴ ክንዱን ያዙት።

«ወላሂ፣ የኔም የመጀመሪያዬ እንዲህ ብሎ ነው የሞተው። ዓይን በላው ብዬ ቀበርኩት» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ።

የሙሽራው እናት «አላህ ያሽራት» ብለው ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጡ። ሐኪሙ በዚያው ቀን በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ላከን።

ልጄ ኦፕራሲዮን ሆና ዳነች፤ አልሐምዱሊላህ። የባሌ እህት ኒካሕ ግን ቀረ።

ከሆስፒታል ስንወጣ የቀደዳት ሐኪም አነጋገረን። «የዚህ በሽታ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም» አለ። «ከዘር ነው የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። ያኛው፣ ቀድሞ የሞተው ሕፃን በተራ ሳንባ ምች ሞቶም ይሆናል።»

አማቴ ሕፃኗን እንዳቀፉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ኒካሕ የቀረባትን ልጄን ምን ልበላት?» አሉኝ።