በካርታ የጠቀለልኩት ሳምቡሳ

ወጣቱ የሸጥኩለትን ሳምቡሳ ትቶ መጠቅለያውን ማንበብ ሲጀምር ነው ጉዴ የፈላው። ከኋላው የሰበታ አስፋልት ላይ ጎማ ይነድዳል፤ "ማስተር ፕላኑ ይቅር" የሚሉት ጓደኞቹ ናቸው።

"ማዘር፣ ይሄን የማስተር ፕላን ካርታ ማን ሰጥቶዎት ነው የሚያድሉት?"

ጥፋቱ የሥልጠናው ነው። ቀበሌ ሰብስቦን "ፌስታል መሬት ይገድላል፤ ያገለገለ ወረቀት ተጠቀሙ" አለን። እኔም ታዛዥ ነኝና ከአንድ ቢሮ ጓሮ የተጣለ ወረቀት በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ መጣሁ። ትምህርት ያቆምኩት ሁለተኛ ክፍል ነው። ወረቀቱ ዘይት እንደሚችል እንጂ የገበሬውን መሬት ለአዲስ አበባ እንደሚቆርስ በምን ልወቅ?

"ልጄ፣ እኔ የማውቀው ውስጡ ያለውን ምስር ነው" አልኩት።

ካርታውን ወደ ፀሐይ አነሳው። ዘይቱ ከሰበታ እስከ ቡራዩ ውጦታል። ሳቅ አለና ለጓደኞቹ በኦሮምኛ "እሳቸውስ ቀድመውን አጥፍተውታል" አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አዴ፣ የቀረውን እሳቱ ላይ ይጨምሩና ቤትዎ ይግቡ" አለኝ።

ከረጢቱን ከነወረቀቱ ከጎማው ጋር አነደድኩት። ስለ ጭሱ ሥልጠናው ምን እንደሚል ያን ቀን አልጠየቅሁም። መጥበሻዬን አንስቼ በጓሮ በጓሮ ሮጥኩ። ልጆቼ ቤት ነበሩ። በሩን ቀረቀርኩ። ተረፍኩ።